«ተተኮሰ» ያለ ሰው

ወተቱ የወረደው በኢርያ ግራ እጅ ላይ ነበር።

ግመል የምታህለው የሰሜን አጋዘን ከእርድ ቤቱ ጣሪያ በሰንሰለት በኋላ እግሮቿ ተሰቅላለች። ኢርያ ቆዳውን ከታፋ ወደ ሆድ እየገፈፈች ስትወርድ የቢላዋዋ ጫፍ ግቱን ነካ አደረገው። ለብ ያለ ነጭ ወተት በጣቶቿ መሃል ፈስሶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ማንም ሳያይ በጨርቅ ልታብሰው ትችል ነበር፤ ግን ከጎኗ ሆኖ ቆዳውን የሚጎትተው ሽማግሌው ላሲ፣ ሲስቅ የመንደሩን ውሻ ሁሉ የሚያስጮኸው ሰውዬ፣ ቀድሟት አይቶ ኖሮ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«ይቺማ እናት ናት» አለ። «ግልገሏ ጫካ ውስጥ ቀርታለች ማለት ነው።»

አዳኞቹ ሁሉ ዞር አሉ። በኮርፒቫራ መንደር ይህን የማያውቅ የለም፤ እናትና ግልገል አብረው ከታዩ መጀመሪያ የሚመታው ግልገሉ ነው። እናቲቱ ከተመታች ያ የአምስት ወር ፍጥረት የፊንላንድን ክረምት ብቻውን አይዘልቀውም፤ በረዶው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞታል። በኮርፒቫራ በሰከረ ሰው ይቀለዳል፣ ዒላማ በሳተ ሰው ሳምንት ሙሉ ይቀለዳል፤ በዚህ ግን ቀልድ የለም።

አህቲ የወለሉን ደም የሚያጥብበትን የውሃ ጎማ እንደያዘ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከአራት ዓመት በፊት ከሌላ አውራጃ የመጣ እንጨት ቆራጭ ነው፤ ሂልካ የምትባል መበለት ቤት ተከራይቶ ይኖራል። መሬት የለው፣ ደን የለው። ዘንድሮ ግን አዳኞቹ ለሙከራ ተቀብለውት ነበር፤ ወቅቱ በደህና ካለቀ አባል ይሆናል። ይህን ቀን ከእሱ ይበልጥ ትጠብቅ የነበረችው ኢርያ ናት። አባቷ ኡንቶ የአዳኞቹ አለቃ ነው፤ የሚታደንበትም ደን አብዛኛው የእሱ ነው። ደን የሌለውን ሰው፣ አርባ ዓመት ቢኖር እንኳ፣ እንግዳው ነው የሚለው። አባል የሆነ ሰው ግን የኡንቶን ቤት በፊት በር ይገባል። በፊት በር የገባ ሰው ደግሞ ልጅቷን ለትዳር መጠየቅ ይችላል። አንድ ዓመት ሙሉ በጓሮ በር የተያዩት ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው።

ጠዋት ጥይቱ እንደተሰማ በእጅ ሬዲዮው የመጣው ድምፅ የአህቲ ብቻ ነበር፤ «ወድቃለች። እዚህ ነኝ» አለ። ሁሉም ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው እንኳን ደስ አለህ ብለውታል። እሱ ግን ሲያመሰግን አልተሰማም። የጠመንጃውን አፈሙዝ ያሸተተም ሰው አልነበረም።

«አህቲ» አለ ላሲ፣ መውጫ ቀዳዳ ሊሰጠው ፈልጎ፣ «ግልገሏን አላየሃትም፣ አይደል? ጭጋግ ነበረ እኮ።»

አህቲ በመጀመሪያ ኡንቶን አየ። ኡንቶ ቢላዋውን እየሳለ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አየኋት» አለ አህቲ።

«አየኋት?»

«ከእናቷ ኋላ ቆማ ነበር። ጆሮዋን ታወዛውዝ ነበር።»

«እያየሃት?» የላሲ ድምፅ ቀጠነ። «ግልገሏን እያየህ?»

«ተተኮሰ» አለ አህቲ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ኢርያ አዞረ። እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም። ከእሷ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ፣ እሷም እንደምትሰጠው እርግጠኛ እንደሆነ ሰው ነበር አስተያየቱ። ኢርያ ወተት የነካው እጇን በሽርጧ ጠረገችና ፊቷን ወደ ሥጋው መለሰች።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ ኡንቶ ጉሮሮውን ጠራርጎ። «እያየ ያደረገው ከሆነ ከእኛ ጋር አይቀጥልም።»

አህቲ የውሃውን ጎማ ጠቅልሎ ቦታው መለሰ። ቀዩን የአደን ቆቡን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ወጣ። ማንም አልጠራውም። ኢርያ ቆዳውን መግፈፏን ቀጠለች፤ ቢላዋዋ ግን አሁንም አሁንም ይስታት ነበር። ያፈረችው በእሱ ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ወድጄ ነበር እንዴ ብላ በራሷ አፈረች።

*

ሥጋው እንዲላላ አራት ቀን ተሰቅሎ ቆየ። በሁለተኛው ቀን ሂልካ ኢርያ ቤት ጓሮ ድረስ መጥታ ከሹራቧ ሥር ደብዳቤ አወጣች።

«ልጁ አይበላም» አለች። «መስኮት ላይ ተደፍቶ ይውላል። ጠዋት ጠዋት ጫካ ይገባል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለሳል። እባክሽ አንድ ቃል ላኪለት።»

«ግልገሏም አትበላም» አለች ኢርያ።

«አንደበትሽ እንደ አባትሽ ሆነ፣ ልጄ» አለች ሂልካ፣ ደብዳቤውን እጇ ላይ ጥላ ሄደች።

ደብዳቤው አጭር ነበር። «ኢርያ፣ ረቡዕ በአስር ሰዓቱ አውቶብስ እሄዳለሁ። ስዊድን፣ ጎተንበርግ፣ የአጎቴ ልጅ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶልኛል። እርድ ቤቱ ውስጥ ያልኩትን ደግመሽ አስቢው። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አላጎደልኩም። እስከ ረቡዕ መስኮቱ አጠገብ ነኝ። አህቲ።»

ኢርያ አንብባ ተናደደች። ይቅርታ እንኳ አይልም! አላጎደልኩም ብሎ ይኩራራል! መልስ ልትጽፍ ሦስት ጊዜ ቁጭ አለች። ሦስተኛው ላይ «ያን የግልገል ጆሮ ከፊቴ ማጥፋት አልቻልኩም» ብላ ጽፋ ነበር፤ እሱንም ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሰው ሲናደድ የሚያነበው የራሱን ንዴት ነው እንጂ ደብዳቤውን መች ያነባል። ማታ አልጋዋ ላይ ግን ናፈቃት፤ መናፈቋም ይበልጥ አናደዳት።

*

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሥጋው ወረደ። ላይኛው ደርቆ ጠቁሯል፤ ውስጡ ቀይ ነው። ወንዶቹ ታፋውንና ጎድኑን በመጋዝ ከፈሉ። ሂልካ ጥግ ላይ ትልቁን ድስት ጥዳ ቅልጥሙን በሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ትቀቅላለች፤ አዳኞቹ እሁድ ለደን ባለቤቶች ለሚያደርጉት ግብዣ መረቁ ከዛሬ ይጀመራል። ኡንቶ ከሥጋ መፍጫው ጋር ነው። ኢርያ ቀኙን ወርች ተቀብላ ከአጥንቱ መለየት ያዘች። ይህን ሥራ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ትሠራዋለች፤ ሥጋው የት እንደሚላቀቅ ቢላዋዋ ያውቀዋል።

ከትከሻው አጥንት ሥር፣ ደም የረጋበት ቦታ ላይ፣ ብረት ነካ። በጣቷ ፈልፍላ አወጣችው። የጥይት እርሳስ ነው፤ ከፊት ተደፍጥጦ እንደ እንጉዳይ ተገልብጧል፤ ቂጡ ግን እንዳለ ነው። ወፍራም ነው፤ የአውራ ጣቷን ጥፍር ያህላል። እንዲህ ያለ ወፍራም ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ በመንደሩ አንድ ብቻ ነው። ኡንቶ ከአባቱ የወረሰው ጠመንጃ ነው። አህቲ ይዞት የሄደው የሂልካን ሟች ባል ጠመንጃ ነበር፤ የእሱ ጥይት ቀጭን ነው።

ኢርያ ቆማ ቀረች። ወድቃለች፣ አለ። እዚህ ነኝ፣ አለ። አየኋት፣ አለ። ተተኮሰ፣ አለ። ተኮስኩ አላለም። እርድ ቤት ሙሉ ሰው የሰማው ሁሉ ያላለውን ነበር! አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አላጎደልኩም። እርሳሱን በመዳፏ ጨበጠች።

ወደ መፍጫው ሄደች። መፍጫው ይንጫጫ ስለነበር ሌላ ሰው አልሰማቸውም።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

ኡንቶ እርሳሱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ወደ መብራቱ ዞረ፣ መልሶ አራቀው። በመጨረሻ በአውራ ጣቱ ዳበሰውና ፊቱ አመድ መሰለ። ያወቀው በዓይኑ እንዳልሆነ ኢርያ አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና። የዓይን ሞራ ነው አሉኝ። ሁለቱም ዓይኔ።»

«ግልገሏስ?»

«ጉቶ መሰለችኝ» አለ ኡንቶ። «ከእናቲቱ ጎን የቆመ ጉቶ። ስትሮጥ ነው ጉቶ አለመሆኗን ያወቅኩት።»

«አህቲስ?»

«እኔ አልለመንኩትም። ሮጦ መጣ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየ፣ ሬዲዮውን ራሱ አነሳ። አፌ ተሳስሮ ነበር፣ ኢርያ።»

«ደንብ ደንብ ነው ስትል አልተሳሰረም።»

አባቷ መፍጫው ውስጥ ሥጋ ጨመረ። «እስከ እሁድ ታገሺኝ» አለ። «ሰላሳ ዓመት የመራኋቸው ሰዎች ናቸው። ግብዣው ይለፍ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ራሴ እሰቅለዋለሁ። ታምሜያለሁ እላለሁ። አራት ቀን ብቻ።»

«አውቶብሱ ዛሬ ነው።»

ኢርያ የጸጉሩን ሽበት፣ በሽርጡ ላይ የተንጠባጠበውን ስብ አየች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሾርባዋን ያበረደላት፣ ጫማዋን ያሰረላት እሱ ነው። ጠላችው፤ አሳዘናትም።

*

ከሰዓት በኋላ ስምንት ክምር ሥጋ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ፤ ለስምንት አባል። ከሽንጡም ከጎድኑም ከወርቹም እኩል እኩል ነው፤ ግን እኩል የሆነ ሥጋ የት አለና፣ ሁልጊዜ አንዱ ክምር ለዓይን ይበልጣል። ስለዚህ በኮርፒቫራ አንድ ሰው ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ይቆማል። ሌላው አንዱን ክምር በእጁ ነክቶ «ይሄ የማን ነው?» ይላል፤ ጀርባውን የሰጠው ስም ይጠራል። የተጠራ አይመለስም። በክምሩ የተጣላ ወንድማማች ቢኖር እንኳ በተጠራው ላይ ቃል አይናገርም። ከልጅነቷ ጀምሮ ጠሪዋ ኢርያ ናት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስምንቱን ስሞች በቃሏ ታውቃቸዋለች። ዝም ልትል ወስና ነበር። ስሞቹን ትጨርሳለች፣ ወደ ሂልካ ቤት ትሮጣለች፣ አህቲን እስከ እሁድ ቆይ ትለዋለች። አባቷም ይተርፋል፣ አህቲም ይቀራል።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ላሲ።

ጠራች። ሁለተኛውን ጠራች። ሦስተኛውን ጠራች።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የአህቲ።»

አፏ ነው ያለው። አባቷን ልትጠራ ነበር፤ ምላሷ ላይ የተገኘው ግን አራት ቀን ስትሸሸው የከረመችው ስም ነበር። ከኋላዋ የሰዎቹ ጫማ ሲንኳኳ ሰማች።

«አህቲማ የለም እኮ፣ የኔ እመቤት» አለ ላሲ በለሆሳስ።

«ተጠርቷል» አለ አንድ ድምፅ ከወዲያ። «የተጠራ ተጠርቷል።»

«እሺ። ይሄስ?»

ቀጠለች። ስሞቹ አንድ በአንድ አለቁ። የመጨረሻው ክምር ላይ ላሲ ራሱና ኡንቶ ብቻ ቀሩ።

«የላሲ» አለች።

«ታዲያ አለቃችን ባዶ እጁን ሊገባ ነው?» ላሲ ብቻውን ሳቀ። «ኡንቶ፣ ምን አስቀየምካት? ወጥ አስጨርሰሃት ነው?»

ኢርያ አልዞረችም። የግድግዳው ጣውላ ላይ ያለውን ዓይን የመሰለ አንጓ እያየች የአባቷን ድምፅ ጠበቀች። ተናገር፣ አባዬ። አንድ ቃል ብቻ ተናገር፤ እኔ ከአንተ ጎን እቆማለሁ። የሂልካ ድስት ሲንተከተክ ሰማች፤ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲያብስ ሰማች። የአባቷን ትንፋሽ እንኳ ከሌሎቹ ለይታ ሰማችው። ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«አባዬ ግልገሏ ጉቶ መስላው ነው» አለች ለግድግዳው። «ጥይቱን ከወርቹ አውጥቻለሁ። ተኳሹ እሱ ነው። አህቲ ተኮስኩ ብሎ አያውቅም፤ እኛ ነን ያልነው።»

ከባድ የአባቷ እርምጃ ከኋላዋ አለፈ። በሩ ተከፈተ፣ ሳይዘጋም ቀረ፤ ቅዝቃዜው ገብቶ ማጅራቷን ያዛት። ልክ የሆነውን መናገሯን ታውቅ ነበር። ግን አባቷን ፊቱን እያየች አልነበረም የተናገረችው፤ ይህ እንደ እሳት አቃጠላት።

ሂልካ መጥታ የአህቲን ክምር በጨርቅ ጠቀለለችላት። «ድንች ቀቅዬ ምድጃ ላይ ትቼዋለሁ» አለች። «ሂጂ። አንድ ሰዓት አለሽ።»

*

አህቲ በሩን ከፈተላት። ጺሙን አልተላጨም፤ ሻንጣው በገመድ ታስሮ አልጋው ላይ ነበር። ኢርያ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ነገረችው፤ ጥይቱን፣ ጉቶውን፣ ክምሩን። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

«ድርሻህ ነው» አለች ጥቅሉን ዘርግታ። «ሳትበላ አትሄድም።»

እጇ ሥራ ካላገኘ ልትወድቅ ነበር። ከሽንጡ ስስ ስስ አድርጋ ከተፈች። የብረት መጥበሻውን አግላ ስብ አቀለጠች፤ ሥጋውን በትንሽ በትንሹ ጨመረች፣ ቀይነቱ እስኪለቅ አመሰችው፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጠብታ ውሃ፤ ከደነችው። ድንቹን በቅቤና በወተት ፈጨች። የሂልካን ጎምዛዛ ቀይ የጫካ ፍሬ ከማሰሮ ጨልፋ ከጎኑ አደረገች። አህቲ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጀርባዋን ያያል፤ ሳትዞር ታውቃለች።

መብላት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ታመመ ሰው ነበር የሚበላው።

«ግልገሏ ትመለሳለች» አለ ሹካውን እያየ። «እናቷ የወደቀችበት ቦታ በየቀኑ አዲስ ዱካ አለ። ለላሲ ንገሪው፣ ጎህ ሲቀድ ይጠብቃት። ሳትሰቃይ ይጨርሳት።»

«እነግረዋለሁ።» ተቀመጠች። «ለምን ዝም አልክ፣ አህቲ?»

«አባትሽ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው። እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትንሽ ጊዜ ልስጠው ብዬ ሬዲዮውን አነሳሁ።» ሹካውን አስቀመጠ። «ሳይናገር ሲቀር ወደ አንቺ ዞርኩ። አየኋት ያልኩት ለአንቺ ነው። ሌላው እንደፈለገ ይስማው፣ ኢርያ ትሰማኛለች አልኩ። አህቲ ግልገል እያየ እናት አይመታም፣ ትላለች አልኩ። አንቺ ግን ፊትሽን አዞርሽ።»

«ይቅር በለኝ።»

«አራት ቀን መስኮቱ ላይ ተቀመጥኩ። ባይገባት እንኳ መጥታ ትጠይቀኛለች አልኩ።» አሁን ቀና ብሎ አያት። «ጥይቱ ባይገኝ ትመጪ ነበር?»

ኢርያ አፏን ከፈተች። እመጣ ነበር ማለት ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል፣ ከዚያ ያ ሻንጣ ይፈታል። እያየችው፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ስለ ሁሉም ነገር እየፈራች፣ «አልመጣም ነበር» አለች።

መጥበሻው ምድጃው ላይ ጭስ ጭስ ይላል። ማንም አልተነሳለትም።

«እመጣ ነበር ብትዪኝ እቀር ነበር» አለ አህቲ። ድምፁ ተሰበረ። «ውሸትሽን መሆኑን እያወቅኩ እቀር ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አልዋሸሽኝም።» በጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ ስብ የነካውን እጇን ያዘ፤ ግንባሩን ጣቶቿ ላይ አሳረፈ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ዛሬ እንደወደድኩሽ ወድጄሽ አላውቅም፣ ኢርያ። ግን አልቀርም። እዚህ ብቀር ባየሁሽ ቁጥር ያን ፊት ማዞርሽን አያለሁ። አንቺም ባየሽኝ ቁጥር አባትሽን ታያለሽ።»

ልትከራከረው ፈልጋ ነበር። ግን ልክ ነበር።

አብረው እስከ መንገዱ ወጡ። አውቶብሱ በሰዓቱ መጣ፤ በዚያ መንደር ምንም ነገር በሰዓቱ አይመጣም፣ እሱ ግን መጣ። አህቲ ሻንጣውን አስገባ፣ ዞር ብሎ በሁለት እጁ ፊቷን ያዘ፣ ተሳፈረ። በሩ ተዘጋ። አውቶብሱ ከጥዶቹ ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ ወደ እሷ ያይ ነበር፤ ኢርያም በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም።

ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። ሊመሽ ነው፤ የቀዘቀዘ ካፊያ ጀምሯል። ወደ ሂልካ ቤት ተመልሳ ሁለቱ የበሉበትን ጠረጴዛ ማየት አልቻለችም። እርድ ቤቱ መብራቱ በርቷል፤ ወንዶቹ እዚያ ምን እንደሚባባሉ ታውቃለች። ከኮረብታው ላይ ያለው የአባቷ ቤት ግን ጨለማ ነበር፤ ጭስም አይወጣበትም። በዚያ ብርድ ኮቱን እርድ ቤቱ ውስጥ እንደተሰቀለ ትቶት ነው የወጣው። ቤት ገብቶ እንደሆነ እንኳ አላወቀችም፤ ስታየው ምን እንደምትለውም አላወቀችም። የምትሄድበት ሌላ ቤት ስለሌላት ወደዚያው ሄደች።